የሻርሼን አታን ዝምታ ለማጣራት የተጠራ አስቸኳይ ስብሰባ

የታሽ-ቡላክ ከተማ የሬዲዮ አፍቃሪዎች ክበብ
የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ፣ ቁጥር 7

ቀን፦ ቅዳሜ፣ ጁላይ 20 ቀን 2019
ቦታ፦ በቀድሞው ሲኒማ ቤት ሁለተኛ ፎቅ፣ በክበቡ ክፍል
ሰዓት፦ ለጠዋቱ አራት ሰዓት ተጠርቶ በአራት ሰዓት ከሃያ አምስት ተጀመረ

የተገኙ አባላት፦
1. ሻለቃ ሱዩንቤክ ኦሮዛሊየቭ፣ በጡረታ ላይ ያሉ የመገናኛ መኮንን፣ ሊቀመንበር
2. ገናዲ ፓቭሎቪች ሽቱርም፣ የቴክኒክ ክፍል ኃላፊ
3. ካልማት ዱይሼኖቭ፣ ለሠርግ ድምፅ ማጉያ የሚያከራይ፣ አባል
4. አሳናሊ ቤይሼየቭ፣ የቀድሞ የጂኦግራፊ መምህር፣ ጸሐፊ

በታዛቢነት የተገኘች፦ ቢቢሳራ፣ የመብራት መስመር ሠራተኛ፣ የሻርሼን አታ ልጅ። ድምፅ የመስጠት መብት የላትም።

ያልተገኙ፦ ሻርሼን አታ፣ መሥራች አባል። ያለ በቂ ምክንያት።

ጸሐፊው በተራራ ላይ ውሃ መጠበቅ በቂ ምክንያት ይሆን እንደሆነ ጠይቆ ነበር። ሊቀመንበሩ፣ በቂ ምክንያት ማለት ከስብሰባው ሦስት ቀን በፊት በጽሑፍ የቀረበ ምክንያት ማለት እንደሆነ አስረድተዋል። ከአምስት አባላት አራቱ ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ተረጋግጧል።

ስለ ስብሰባው መነሻ

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሻርሼን አታ ከጁን መጀመሪያ አንስቶ በአክ-ኮል ሐይቅ ዳር ካለችው ጎጆ ተቀምጠው ውሃ ይጠብቃሉ። ሐይቁን አግዶ የያዘው የበረዶ ግግር ነው። ሙቀት ሲመጣ ግግሩ ይሳሳል፤ ውሃው ሲበዛም ሥር ሥሩን ቦርቡሮ ሊወጣ ይችላል። ከሐይቁ በታች፣ ወንዙ ዳር፣ ኮክ-ጃር የምትባል ሠላሳ ሰባት ቤት ያላት መንደር አለች። ሻርሼን አታ ዘወትር ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ የውሃውን ከፍታ አንብበው በሬዲዮ ይነግሩናል፤ እኛ ደግሞ ለመንደሩ ሹም እንደውላለን። እዚያ ላይ ስልክ አይሠራም።

ድምፃቸው በቀጥታ አይመጣም፣ ገደሉ ይጋርደዋል። ቴኬ-ባሽ የሚባለው ተራራ ፊት ላይ ነጥሮ ነው እኛ ዘንድ የሚደርሰው። ስለዚህ በግቢያችን ካለው ማማ ጫፍ የተሰቀለው ረጅም አንቴና ወደ ቴኬ-ባሽ መመልከት አለበት። ከሳተ የሚሰማው ሽሽታ ብቻ ነው። አንቴናውን የሚያዞረው ማማው ላይ የተገጠመ ሞተር ነው፤ ወዴት እንደዞረ የምትናገረው ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ባለው ሳጥን ፊት ያለች ቀይ መርፌ ናት። መርፌዋን በገዛ እጃቸው የሠሩት ገናዲ ፓቭሎቪች ናቸው። ይህ ለሚከተለው ውይይት አስፈላጊ ነው።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ብርቱ ነፋስ ነፈሰ። ከሰኞ ጀምሮ ለአምስት ቀናት ከአክ-ኮል ምንም አልተሰማም። በፈረስ ሁለት ቀን ያስኬዳል፤ ሐሙስ ዕለት ቢቢሳራ የላከችው ሰው ወንዙ ሞልቶበት ከመንገድ ተመልሷል። በክበቡ ደንብ መሠረት አስቸኳይ ስብሰባ ለመጥራት የአምስት ቀን ቅድመ ማስታወቂያ ስለሚያስፈልግ፣ ኮሚቴው በአስቸኳይ ዛሬ ተሰብስቧል።

አጀንዳ ስለማጽደቅ

ሊቀመንበሩ ሁለት አጀንዳ አቀረቡ፦ የሻርሼን አታ የዲሲፕሊን ጉድለትና የቴክኒክ ክፍል ሪፖርት። ቢቢሳራ ወደ ግቢ ወርዶ አንቴናውን ማየት አንድ አጀንዳ ሆኖ እንዲያዝ ጠየቀች። ታዛቢ አጀንዳ ማቅረብ እንደማትችል ተነገራት። ካልማት ሻይ በአጀንዳ እንዲያዝ ጠየቀ። ካልማት አባል ስለሆነ ሻይ ሁለተኛ አጀንዳ ሆኖ ጸደቀ።

አጀንዳ 1፦ የሻርሼን አታ የዲሲፕሊን ጉድለት

ሊቀመንበሩ፣ አንድ አባል አምስት ቀን ሙሉ ያለ ፈቃድ ዝም ማለቱ በክበቡ ታሪክ ታይቶ የማይታወቅ መሆኑን በአጽንኦት ገለጹ። እሳቸው በሠራዊቱ ውስጥ ሳሉ አምስት ደቂቃ ዝም ያለ ሰው ምን እንደደረሰበት በዝርዝር አስረዱ። ዝርዝሩ ሃያ ደቂቃ ስለወሰደ በዚህ ቃለ ጉባኤ አልተካተተም።

ገናዲ ፓቭሎቪች ሲናገሩ፣ መርፌዋ በትክክል ቴኬ-ባሽን እያመለከተች ስለሆነ ጥፋቱ በዚህ በኩል ሊሆን አይችልም አሉ። በዚህ በኩል ካልሆነ በዚያ በኩል ነው። በዚያ በኩል ደግሞ ያለው ሰው አንድ ብቻ ነው። ካልማት፣ ሻርሼን አታ ምናልባት ታመው ይሆናል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሊቀመንበሩ ሕመምም ቢሆን ሪፖርት መደረግ እንዳለበት አሳሰቡ።

ቢቢሳራ አንድ ነገር ልናገር ብላ እጇን አወጣች። የተናገረችው ቃል በቃል እንዲያዝላት ስለጠየቀች እንደሚከተለው ተይዟል።

«ሱዩንቤክ ባይኬ፣ እንደ ታላቅ ወንድሜ ነዎትና አይቆጡኝ። አባቴ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አላሳለፈም። ትኩሳት ይዞት እንኳ ተኝቶ ያወራል። አባቴ ዝም አላለም። እኛ ነን ጀርባችንን የሰጠነው።»

ሊቀመንበሩ «ጀርባ ሰጠነው» የሚለው አነጋገር ለኮሚቴው ክብር የማይመጥን ስለሆነ እንዲታረም ጠየቁ። ቢቢሳራ ስለ አንቴናው እንጂ ስለ ኮሚቴው እንዳልተናገረች፣ ነገር ግን ከፈለጉ ለሁለቱም ይሆናል አለች።

ከረጅም ውይይት በኋላ ለሻርሼን አታ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ፣ ማስጠንቀቂያውም በሬዲዮ እንዲነበብላቸው በሦስት ድምፅ ተወስኗል። ጸሐፊው ተአቅቦ አድርጓል። ጸሐፊው፣ የማይሰሙ ሰው ማስጠንቀቂያውን እንዴት ሊሰሙት እንደሚችሉ ጠይቆ፣ ይህ በንዑስ ኮሚቴ እንዲጠና ተመርቷል።

ውሳኔው እንደተፈረመ አምስት ሰዓት ሞላ። ቢቢሳራ ማንንም ሳታስፈቅድ ወደ ሬዲዮው ሄዳ አባቷን «አታ፣ አታ፣ ቢቢሳራ ነኝ፣ ይሰማሃል?» እያለች ሦስት ጊዜ ጠራች። ሽሽታ ተሰማ። ጥቂት ቆማ ጠበቀችና ማዳመጫውን በቀስታ አስቀመጠችው። ስድስተኛው ቀን ሆነ። ሊቀመንበሩ ወደ ቀጣዩ አጀንዳ እንዲታለፍ አዘዙ።

አጀንዳ 2፦ ሻይ

ተጠጥቷል። ካልማት ከቤቱ ያመጣው ቦርሶክ የሚባል በዘይት የተጠበሰ ሊጥም ተበልቷል። በዚህ አጀንዳ ላይ የሐሳብ ልዩነት አልነበረም።

አጀንዳ 3፦ የቴክኒክ ክፍል ሪፖርት

ገናዲ ፓቭሎቪች ከሰኞ እስከ ዓርብ ያደረጉትን ምርመራ አቀረቡ። በሽቦው ውስጥ ያለውን ኃይል ለክተዋል፣ ደህና ነው። የሞተሩን ማስነሻ ቀይረዋል፣ የቀድሞውም ደህና ነበር። የሳጥኑን ሆድ ከፍተው ጠርገዋል። ሞተሩ ሲታዘዝ ይነሳል፣ ሲታዘዝ ይቆማል። ከዚያ በኋላ በኮሚቴው ፊት ቁልፉን ተጭነው አሳዩ። ከላይ የሞተሩ ዝምዝምታ ተሰማ፤ መርፌዋም ዞር ብላ ቴኬ-ባሽ ላይ ቆመች። ሊቀመንበሩ በጥራት የተሠራ ሥራ ነው ብለው አመሰገኑ።

ቢቢሳራ ምርመራው ሁሉ ከዚህ ክፍል ሳይወጣ የተደረገ መሆን አለመሆኑን ጠየቀች። ገናዲ ፓቭሎቪች ዘመናዊ ምርመራ የሚደረገው እንደዚህ እንደሆነ መለሱ። እሷም ሞተሩ አንቴናውን በቀጥታ እንደማያዞረው፣ የሚያዞረው የአንቴናውን ቧንቧ ነክሶ በያዘ የብረት ማቀፊያ በኩል እንደሆነ፣ የማቀፊያው ብሎን ነፋስ አላልቶት ከሆነ ግን ሞተሩም መርፌዋም ሲዞሩ ውለው አንቴናው ንቅንቅ እንደማይል አስረዳች። በመብራት ምሰሶ ላይ ይህን የመሰለ ነገር በየሳምንቱ ታያለች። ለማረጋገጥም መጋረጃውን ገልጦ በመስኮት ማየት ይበቃል።

የመጋረጃው ጉዳይ ሰፊ ክርክር አስነስቷል። መጋረጃው ከሲኒማ ቤቱ የተረፈ ከባድ ቀይ መጋረጃ ሲሆን፣ ፀሐይ በሊቀመንበሩ ዓይን ላይ ስለምትወድቅ በስብሰባ ሰዓት እንዳይከፈት በቃለ ጉባኤ ቁጥር 4 ተወስኗል። ገናዲ ፓቭሎቪች በዓይን ማየት ለዘመናዊ ምርመራ የማይመጥን መሆኑን፣ ዓይን ልኬት እንደሌለው፣ መርፌ ግን ልኬት እንዳላት አስገነዘቡ። ካልማት ክፍሉ ስለሞቀ ለአየር ሲባል ቢከፈት የሚል አስተያየት ሰጠ። ድምፅ ሲሰጥ ሁለት ለሁለት ሆነ። የሊቀመንበሩ ድምፅ እንደ ሁለት ስለሚቆጠር መጋረጃው እንደተዘጋ እንዲቆይ ተወስኗል።

ቢቢሳራ እንግዲያው እኔ ራሴ ማማው ላይ ልውጣ አለች። ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ማንም ሰው የደኅንነት ንዑስ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሳይፈርሙ ማማው ላይ እንዳይወጣ ተወስኗል። የንዑስ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሻርሼን አታ ናቸው። ፊርማቸው እንዲጠበቅ ተባለ።

ከዚህ በኋላ ልዩ ልዩ ሐሳቦች ቀረቡ።

ካልማት፣ ማማው ከተተከለ ጀምሮ በግ ያልታረደለት መሆኑን አስታውሶ፣ ከሥሩ በግ ይታረድ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ወዲያው ድጋፍ አገኘ። የበጉ ራስ ለማን ይቅረብ በሚለው ላይ ግን ስምምነት አልተደረሰም። ሊቀመንበሩ በዕድሜም በማዕረግም ለእሳቸው እንደሚገባ ገለጹ። ገናዲ ፓቭሎቪች በዕድሜ በሁለት ወር እንደሚበልጧቸው አስታወሱ። ሊቀመንበሩ የገናዲ ፓቭሎቪች የልደት ወረቀት ከጦርነቱ በኋላ በግምት የተሞላ መሆኑን ጠቀሱ። ገናዲ ፓቭሎቪች የሊቀመንበሩ የሻለቃነት ማዕረግ ጡረታ ሊወጡ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው የተሰጠ መሆኑን ጠቀሱ። ሃያ አምስት ደቂቃ ከተወያዩ በኋላ፣ ራሱ ለሊቀመንበሩ፣ ዳሌው ለገናዲ ፓቭሎቪች እንዲሆን ተወስኗል። በጉን ማን እንደሚያመጣው አልተወሰነም።

በመጨረሻም ገናዲ ፓቭሎቪች የሚከተለውን አቀረቡ። መርፌዋ ትክክል ናት። ሞተሩ ትክክል ነው። ድምፁ ግን የለም። ስለዚህ ተራራው ቦታውን ለቆ ሊሆን ስለሚችል፣ ለሚመለከተው አካል ደብዳቤ ይጻፍ። ጸሐፊው በቀድሞ ሙያው አስተያየት እንዲሰጥ ተጠይቆ፣ ቴኬ-ባሽ እሱ ሠላሳ አራት ዓመት ሲያስተምር ካየው ቦታ እንዳልተንቀሳቀሰ መለሰ። አስተያየቱ ተመዝግቦ፣ ደብዳቤው እንዲጻፍ በሦስት ድምፅ ተወስኗል።

ጸሐፊው የደብዳቤውን ረቂቅ ሲጀምር ቢቢሳራ ተነስታ ወጣች። ሊቀመንበሩ ታዛቢዋ ያለ ፈቃድ መውጣቷ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ አዘዙ። ተይዟል።

ስድስት ሰዓት ከአሥር ላይ የሆነው

ከግቢው ብረት በብረት ላይ ሲመታ ተሰማ። ሊቀመንበሩ ምን እንደሆነ ጠየቁ። ካልማት ለአየር ብሎ የመጋረጃውን ጠርዝ ገለጠ። የሚከተለው ታየ።

ቢቢሳራ የሥራ ቀበቶዋን ታጥቃ፣ መፍቻ ወገቧ ላይ ሰክታ የማማውን እኩሌታ አልፋለች። ከእሷ በላይ ያለው አንቴና ቴኬ-ባሽን አይመለከትም። ወደ ገበያው፣ በተለይም ወደ ሐብሐብ ሻጮቹ ተራ ዞሮ ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ መርፌዋ አሁንም ቴኬ-ባሽን ታሳያለች።

ገናዲ ፓቭሎቪች መርፌዋን አዩ፣ አንቴናውን አዩ፣ እንደገና መርፌዋን አዩ። ከዚያ አንቴናው ተሳስቷል አሉ።

ሊቀመንበሩ ስህተቱ በአስቸኳይ እንዲታረም አዘው፣ ሞተሩን አዙረው ለማስተካከል እጃቸውን ወደ ሳጥኑ ቁልፍ ዘረጉ። በዚያች ሰዓት ቢቢሳራ ከላይ ደርሳ እጇን ማቀፊያው ውስጥ አስገብታ ነበር። ሞተሩ ቢነሳ ጣቶቿን ይወስዳቸው ነበር። ጸሐፊው ተነስቶ የሞተሩን ሳጥን ሶኬት ከግድግዳው ነቀለና ጫፉን ኪሱ ከተተው። ይህ ኮሚቴው ያልወሰነው ድርጊት ነው። ሊቀመንበሩ «አሳናሊ፣ ምን ማድረግህ ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ጸሐፊው «ሞተሩን አጥፍቻለሁ፣ ሱዩንቤክ ባይኬ። በቃለ ጉባኤ ይያዝ ካሉ እይዘዋለሁ» አለ። ሊቀመንበሩ ቀና ብለው ወደ ማማው ተመለከቱ፤ እጃቸውንም ቀስ ብለው ሰበሰቡ።

ከስድስት ከአሥራ አምስት እስከ ስድስት ከሃምሳ ቃለ ጉባኤ አልተያዘም። ጸሐፊው ብዕሩን ጥሎ መስኮቱ ላይ ቆሞ ነበር። የሚከተለው ከትዝታ የተጻፈ ነው።

ነፋሱ ያላላው ብሎን ተዛንፎ ቧንቧውን ነክሶ ይዞት ስለነበር በመፍቻው ለማላቀቅ ብዙ ታገለች። ሲለቅላት አንቴናውን በሁለት እጇ ይዛ በቀስታ ማዞር ጀመረች። ወዴት እንደምታቆመው ለማወቅ ግን ከታች የሚያዳምጥ ሰው ያስፈልጋት ነበር። ያኔ ማንም ሳይጠይቃቸው ገናዲ ፓቭሎቪች ሬዲዮው ፊት ተቀመጡ። ጆሯቸው ከሁላችንም ይሻላል፣ ይህ በኮሚቴው ውስጥ ክርክር የሌለበት ብቸኛ ነገር ነው። ማዳመጫውን አጥልቀው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ወደ ቀኝ» ሲሉ እኔ፣ ጸሐፊው፣ በመስኮት «ወደ ቀኝ» እላለሁ። «ትንሽ። ሌላ ትንሽ። አቁሚ።» ቢቢሳራ ታቆማለች። አንዲት ጊዜ እንኳ መርፌዋን አላዩም።

ሽሽታው ቀነሰ። ከሽሽታው ሥር አንድ ነገር ነበር። ገናዲ ፓቭሎቪች ማዳመጫውን ነቅለው ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት። የደከመ የሽማግሌ ድምፅ ይቆጥራል።

«…አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት፣ አሥራ ዘጠኝ…»

በኋላ እንደነገሩን፣ ሻርሼን አታ አንቴናችን መሳቱን ከሰኞ ጀምሮ አውቀው ኖሯል። የሚፈልጋቸው ሰው የሚይዘው ድምፅ እንዲያገኝ ብለው በየሩብ ሰዓቱ እስከ መቶ ይቆጥሩ ነበር።

«ሻርሼን» አሉ ገናዲ ፓቭሎቪች። «ይሰማል። እንሰማሃለን።»

ቆጠራው ቆመ።

«ገናዲ? ስድስት ቀን ሙሉ ለተራራ ስቆጥር ከረምኩ። ሻያችሁን ጨረሳችሁ?»

ገናዲ ፓቭሎቪች ወረቀትና እርሳስ ሳቡ። ሻርሼን አታ መልስ አልጠበቁም። ድምፃቸው ተለወጠና እያንዳንዱን ቃል ለብቻው እያስቀመጡ ተናገሩ። «ጻፉ። ውሃው ከቀዩ የአደጋ ምልክት አንድ ክንድ አልፏል። ከንጋት ጀምሮ በግግሩ ሥር ይፈስሳል፣ ውሃውም ደፍርሷል። እኔ ከበላይ ነኝ፣ እኔን ተዉኝ። ኮክ-ጃርን አውጡ። ዛሬ ማታ አይደለም፣ አሁን።»

ከዚያ «ቢቢሳራ የት ናት?» ሲሉ ጠየቁ።

«ማማው ላይ ናት።»

«ቀበቶዋን ታጥቃለች?»

«ታጥቃለች።»

«እንግዲያው ብሎኑን ሳታጠብቅ እንዳትወርድ በላት።»

ያልተያዘ አጀንዳ፦ ኮክ-ጃር

ሊቀመንበሩ፣ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠው አባል የመጣ ሪፖርት ተቀባይነት ይኖረው እንደሆነ ለመጠየቅ ጀምረው ነበር። ጥያቄውን አልጨረሱትም። ካልማት የደረጃው መሃል ደርሶ ነበር፣ ጸሐፊውም ስልኩን አንስቶ ለመንደሩ ሹም እየደወለ ነበር። ሊቀመንበሩ ባርኔጣቸውን አጠለቁና ስብሰባው ሳይዘጋ ቦታ እንዲቀይር ወሰኑ። ድምፅ የሰጡት እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።

ገናዲ ፓቭሎቪች ከሬዲዮው አልነሱም። ቢቢሳራ ብሎኑን አጥብቃ ስትወርድ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ከላይ የሚመጣውን እየሰሙ በስልክ ይነግሩን ነበር።

ሦስታችን በካልማት የጭነት መኪና ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ኮክ-ጃር ደረስን። ሹሙ ቤት ለቤት መዞር ጀምሮ ነበር፣ ግን የሚያምነው ሰው አላገኘም፤ ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ ውሃ መጣ ተብለው ወጥተው ምንም ሳይመጣ ቀርቷል። ካልማት ጣራው ላይ ያሉትን ድምፅ ማጉያዎች አበራ። በመጀመሪያ የወጣው የሐሙሱ ሠርግ ዘፈን ነበር። ሴቶች ሙሽራ መጣች ብለው እያጨበጨቡ ከየበራቸው ወጡ። ይህ ባልታሰበ መንገድ ጠቃሚ ሆነ፤ ሁሉም ወጥቶ ነበርና። ሊቀመንበሩ ማይክሮፎኑን ተቀብለው «የተከበራችሁ የኮክ-ጃር ነዋሪዎች፣ ከሁሉ አስቀድሜ በክበባችን ሥራ አስፈጻሚ ስም» ሲሉ ጀመሩ። ካልማት ማይክሮፎኑን ከእጃቸው ወሰደና «ሻርሼን አታ ናቸው ያሉት። ውሃው ደፍርሷል። ወደ ዳገቱ ውጡ» አለ።

የሻርሼን አታን ስም ሲሰሙ ጭብጨባው ቆመ። ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከረም። ሕዝቡ ከብቱን እየነዳ፣ ሕፃናቱን አዝሎ፣ ፍራሹን አህያ ላይ ጭኖ ወደ ዳገቱ ወጣ።

ቡሩል አፓ የሚባሉ የሰማንያ ዓመት ባልቴት ብቻ ያለ ስፌት መኪናቸው ንቅንቅ አልልም አሉ። ሊቀመንበሩ ጊዜ የለም ብለው ለመኗቸው። እሳቸው «ልጄ፣ ባሌ የሰጠኝ ይህን ብቻ ነው፣ አንተ ሂድ» አሏቸው። ሊቀመንበሩ የስፌት መኪናውን ከነእግሩ ትከሻቸው ላይ ጫኑ። ዳገቱን ሲወጡ ሁለት ጊዜ አረፉ፣ አላማረሩም። ጸሐፊው ይህንን ካልጻፈ ቃለ ጉባኤው ሙሉ ስለማይሆን ጽፎታል።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ጸሐፊው ዳገቱ ላይ የወጣውን ሰው ቆጠረ፤ አንድ መቶ ስልሳ አራት። ሹሙም ከመንደሩ መዝገብ ቆጥሮ አንድ መቶ ስልሳ አራት አገኘ። ቁጥሩ ያለ ውይይት ጸደቀ።

አሥር ሰዓት ካለፈ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ውሃው መጣ። በመጀመሪያ ድንጋይ ሲንከባለል ተሰማ፣ ከዚያ ወንዙ ቡናማ ሆኖ ቆመና እንደ ግድግዳ ወረደ። ድልድዩን፣ መታጠቢያ ቤቱን፣ አሥራ አንድ ቤትና የታጨደውን ሣር ሁሉ ይዞ ሄደ። አንድ ሰው ቤቱ የነበረበትን ቦታ በጣቱ ለልጁ ያሳይ ነበር። ሰው አልጠፋም።

ጸሐፊው ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ለቢቢሳራ ነገራት። «ሁሉም?» አለች። «ሁሉም» አልኳት። ከዚያ ማልቀሷን ሰማሁ። ጸሐፊው ይህ የቃለ ጉባኤ ጉዳይ እንዳልሆነ ያውቃል።

የመጨረሻ ውሳኔ

ሊቀመንበሩ ዳገቱ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጥቂት ካረፉ በኋላ፣ ስብሰባው እስካሁን እንዳልተዘጋ አስታወሱ። ቃለ ጉባኤውን ተቀብለው የጠዋቱን ገጾች ከላይ እስከ ታች አነበቡ። ሲያነቡ ፊታቸው እንዴት እንደነበረ አልተመዘገበም። ከዚያም የሚከተለውን የውሳኔ ሐሳብ አቀረቡ፦ ለሻርሼን አታ የተሰጠው ማስጠንቀቂያ፣ መጋረጃው እንዲዘጋ፣ ማንም ማማው ላይ እንዳይወጣ፣ የበጉ አከፋፈልና ስለ ተራራው የሚጻፈው ደብዳቤ፣ ባጠቃላይ ኮሚቴው ዛሬ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ አምስት ጀምሮ የወሰነው ሁሉ እንዲሻር።

ካልማት ደገፈ፣ ጸሐፊው ደገፈ። ገናዲ ፓቭሎቪች በስልክ ደገፉ። የቀረው አንድ ድምፅ ስለነበር ገናዲ ፓቭሎቪች ስልኩን ከሬዲዮው ጋር አስጠግተው ሻርሼን አታን አስገቡ።

«በምን ላይ ነው ድምፅ የምሰጠው?» አሉ ሻርሼን አታ።

«ጠዋት የወሰንነውን በመሻር ላይ» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ምን ወስናችሁ ነበር?»

ሊቀመንበሩ ወደ ወንዙ አዩ። ከድልድዩ የቀረው አንድ እግር ብቻ ነበር።

«የሚረባ ነገር አልነበረም፣ ሻርሼን» አሉ። «ዝም ብለህ እጅህን አንሳ።»

«አንስቻለሁ» አሉ ሻርሼን አታ።

ቡሩል አፓ የስፌት መኪናቸው ላይ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር፤ ስለ ምን እንደሆነ ሳይጠይቁ እጃቸውን አወጡ። አጠገባቸው ያሉትም እጃቸውን አወጡ፤ ከእነሱ ጀርባ ያሉትም። ሊቀመንበሩ አባል ያልሆነ ሰው ድምፅ እንደማይሰጥ አላሳሰቡም። ጸሐፊው ሊቆጥር ሞክሮ ተወው።

የጠዋቱ ውሳኔዎች ሁሉ ተሽረዋል። ስብሰባው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ላይ፣ ዳገቱ ላይ ተዘግቷል።